ሁለተኛ ተራ

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ሲጋመስ፣
ውርጭ ነው አስፋልቱ ላይ ከሰው ቀድሞ የሚደርስ።
የጋሪው ፈረስ ሲተነፍስ ጭሱ፣
ምድጃ አለ ያሰኛል በከርሱ።

እኔና ውብአንተ አንድ ጥንድ ነበረን፣
ሰልባጅ ተራ ውለን፣ ዋጋ ተከራክረን፣
እሱ ከሊስትሮው፣ እኔ ከሱቅ ቆጥረን።
አራት አራት ጎማ በአንድ መስመር የቆመ፣
የቀኙ ፍሬን ያለቀ፣ የግራው የታመመ።
«ስኬት ገዛሁ» ብለው አባቴ መረቀ፤
ጎማውን አየና ምርቃቱ አለቀ።

ጫማውስ መልካም ነው፤ ጥፋቱ የብርዱ፣
በብሎን ቀዳዳ ሾልኮ መግባት ልማዱ፣
ከብረት ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ አውራ ጣት መሄዱ።
አንድ ዙር ሳልጨርስ ጣቶቼ ይጠፋሉ፤
ስጠራቸው አይሰሙም፣ የሰው እግር ይመስላሉ።

ያልሞከርነው የለም።
ካልሲ በካልሲ ላይ ሦስቱን ደራርቤ፣
ማሰሪያውን ጠፍንጌ፣ በጥርሴ ስቤ፣
አሞቅኩት ብዬ ሳስብ ለካ አነቅኩት፤
ደሙ መግቢያ አጥቶ ጣቴን በድን አገኘሁት።
ፌስታል አጠለቅሁ፤ ላቤ ታጎረበት፣
ኋላ ቀዘቀዘ፤ እግሬ ዋኘበት።
ውብአንተ በርበሬ ነሰነሰ ከሶሉ፤
ረስቶ ዓይኑን አሸው፤ ዓይኑ ብቻ ሞቀ ከአካሉ።

አንድ ቀን አቆመን የብርድ ልብስ ፋብሪካው ዘበኛ፣
አያ ደርብ፣ የመንዝ ሰው፣ የሱፍ ነገር ዳኛ፤
«እግር ነው ወይስ ፈረስ የምታስሩት?» አለ፣ ሳቀብን በእኛ።
ማሰሪያውን አላላ፤ ጣቱን አስገብቶ ለካ፤
«እዚህ ቤት ውስጥማ ሙቀት መቆሚያ የለውም ለካ!
ባና የሚያሞቀን ጠጉር ስለሆነ አይደለም፤
በጠጉርና በጠጉር መሃል ክፍተት ባይኖር ሙቀት የለም።
አንድ ካልሲ ይበቃል፤ ደረቅ፣ የሱፍ፣ ላላ ያለ፤
ማደሪያ ካልሰጠኸው ሙቀት የት አደረ፣ የት ዋለ?»
ሌሊት ሲጠብቅ ነው በሽቦ የሚሠራት፣
ከካፖርቱ ኪስ ቡኒ ካልሲ አወጣት።
አንዷን ሰጠን፤ ሁለተኛዋ ትደርሳለች ለገና፤
ቀኝ እግራችን ሞቀ፣ ግራችን ቀና።

ግን ከሁሉ በላይ ምን ሞቀህ ብትሉኝ፣
ተራ ነው። አትሳቁ፤ አንድ ጊዜ ስሙኝ።
ቀድሞ የሚያጠልቅ ሰው ሌሊቱን ይለብሳል፣
ያደረው ቅዝቃዜ አጥንቱ ይደርሳል።
ኋላ የሚያጠልቅ ግን ትኩስ ቤት ያገኛል፣
ሰው አሁን የተነሣበት አልጋ ላይ ይተኛል።
ይህን ባወቅሁ ማግስት ጨዋ ሆንኩ በድንገት፤
«አንተ ቅደም» አልኩት፣ «በሞቴ፣ በኔ ሞት!»
ሳይግደረደር ገባ፣ ማሰሪያውን አላልቶ፣
እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሶ መጣ በርትቶ።
ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ሰነበትሁ ሳልናገር፣
ጥር እስኪገባ ድረስ በሱ ሙቀት ስሽከረከር።

አንድ ጠዋት፣ የቧንቧው ውሃ ረግቶ የቆመ 'ለት፣
ዘግይቼ ብሄድ ድንጋይ ጠርዝ ላይ አገኘሁት።
ጫማውን አጥልቋል፤ አይሄድም፤ ጉልበቱን ያወዛውዛል፤
ከንፈሩ ኑግ መስሏል፣ አፍንጫው ይወርዛል።
«ምነው አትነዳም?»
«እያሞቅሁልህ ነው» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር፤
«የኔ እግር ወፍራም ነው፣ አይበርደውም።» ውሸት ነበር።
«ታውቅ ነበር እንዴ?»
«ሊስትሮ ነኝ እኮ፤ ጫማ ምን ይደብቀኛል?
ስታጠልቅ ፊትህን አያለሁ፤ ይበቃኛል።»

ጫማውን አወለቅሁለት፤ ካልሲዋን ገፈፍናት፣
ገና አልፎ፣ ጥንዷ ገና ያልመጣላት።
ጣቶቹ ነጭ ናቸው፣ እንደ ሻማ ቁራጭ፤
ጃኬቴን ከፍቼ ሆዴ ላይ ብወሽቃቸው፣ ጮህኩ፤ ውርጭ!
እሱ ሳቀ።
ጋሪ ነጂው አልፎ ሄዶ፣ ዞሮ አየን፤
ፀሐይ ወፍጮ ቤቱ ጣራ ላይ እስክትወጣ ቆየን።
ጫማው አጠገባችን፣ ጎማውን ሽቅብ ሰቅሎ፣
ቀስ እያለ ቀዘቀዘ፣ «ተረኛው ማነው?» ብሎ።